የሌለ መቀመጫ የሸጠ ኪሳራውን ራሱ ይሸከም

በሚኒባስ ትርፍ ሰው ይጫናል፤ ተጨናንቆም ቢሆን ሁሉም ይደርሳል። በአውሮፕላን ትርፍ ሰው መጫን አይቻልም፣ ትርፍ ትኬት መሸጥ ግን ይቻላል። ትኬት ቆርጠው የሚቀሩ መንገደኞች ሁልጊዜ ስላሉ በርካታ አየር መንገዶች ካላቸው መቀመጫ በላይ ይሸጣሉ። ግምታቸው ያልሰመረ ቀን አንድ ሰው ትኬቱን እንደያዘ ይቀራል።

ስሌቱን በራሱ አልቃወምም፤ ባዶ መቀመጫ ይዞ መብረር የሁሉንም ዋጋ ያስወድዳል። የምቃወመው ትርፉ ለኩባንያው፣ ኪሳራው ለመንገደኛው መሆኑን ነው።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች «ነገ ይሄዳሉ» ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከቦሌ ወደ ጅዳ የሚወስዳትን ትኬት ለብቻው የገዛች ወጣት የሐዋሳው በረራ ካመለጣት ሁለተኛውም ትኬት ይቃጠልባታል፤ የቪዛዋም ቀን ሊያልፍ ይችላል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ሕመምተኛም እንደገና ወረፋ ይጠብቃል። ምርጫው ለባንኮኒው ሠራተኛ ሲተው ደግሞ የሚቀረው የማይጮኸው ነው፤ የሚደውልለት ባለሥልጣን ዘመድ የሌለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበር፣ «እሺ ልጄ» ብሎ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ሽማግሌ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

መፍትሔው ግን ከተገኘ ቆይቷል። ጁሊያን ሳይመን የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው ሐሳብ ጨረታ ነበር፦ መቀመጫውን በፈቃዱ የሚለቅ ይጠየቅ፣ በትንሹ ዋጋ ለተስማማው ይከፈለው። ከአሥር ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ፈቃደኛ መጠየቅ ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2004 ደንብም ያለፈቃዱ ለቀረ ሰው እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሳ፣ ምግብና ሲያድር ሆቴል ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቺካጎ ላይ አንድ አየር መንገድ ያቀረበው ገንዘብ ፈቃደኛ ሳያስገኝ ሲቀር አንድ ሐኪም ከተቀመጠበት እየተጎተተ ወረደ፤ ያ አየር መንገድ ከዚያ በኋላ የክፍያውን ጣሪያ ወደ 10,000 ዶላር ከፍ አደረገ። ያን ገንዘብ ቀድሞ ማቅረብ ይችል ነበር።

የአውሮፓን ደንብ እንዳለ መቅዳት ግን ለእኛ አይበቃም። ካሳ በኪሎ ሜትር ብቻ ከተለካ በአጭር በረራ ምክንያት ረጅሙን ጉዞ ያጣ ሰው ይጎዳል። መለኪያው መንገደኛው መጨረሻ ወደሚሄድበት ምን ያህል ዘግይቶ ደረሰ የሚለው ይሁን።

በሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ በረራው ከአቅሙ በላይ ሲሸጥ ጥሪው በአማርኛና በሲዳምኛ ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ክፍያውም ፈቃደኛ እስኪገኝ ድረስ በብር ይጨመር። ገንዘቡ ለወደፊት ጉዞ በሚሆን ኩፖን ሳይሆን በዚያው ቀን በባንክ ወይም በቴሌብር ይግባ። ሕመምተኞች፣ አረጋውያን፣ ሕፃን የያዙና ቦሌ ላይ ሌላ በረራ የሚጠብቃቸው ያለፈቃዳቸው በፍጹም አይቅሩ። ለቀረው መንገደኛ ምክንያቱና መብቱ በጽሑፍ ይሰጠው። በቀጣዩ በረራ ቦታ ከሌለም ኩባንያው በራሱ ወጪ መኪና ያቅርብለት፤ ማለዳ ከሐዋሳ የተነሳ መኪና ከሰዓት በኋላ ቦሌ ይደርሳል።