ወደ ደቡብ የምንለቀውን ከደቡብ እንቀዳዋለን

ባለፈው ጥር፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ካለው አቃቂ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ ከሚያለሙ አንድ አባት ጋር ቆሜ ነበር። የውሃ ሞተራቸውን ከማስነሳታቸው በፊት ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዘገኑና አሸተቱት። ውሃው ጠቁሯል፤ ድንጋይ በመታ ቁጥር ነጭ አረፋ ይደፍቃል።

«ዛሬ አላስነሳም ልጄ፤ ሌሊት ለቀዋል» አሉኝ።

ማን እንደለቀቀ እሳቸውም አያውቁም፤ ሽቅብ ስንት ፋብሪካ፣ ስንት ጋራዥ፣ ስንት ላቫጆ አለ። ጎመኑ ግን ውሃ ይፈልጋል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ማስነሳታቸው አይቀርም፤ ጎመኑም ገበያ ይወጣል።

ይህ የገበሬ ችግር ነው ብሎ የሚያልፍ ካለ የቤቱን ቧንቧ ተከትሎ ይሂድ። ከእንጦጦና ከወጨጫ ተራሮች የሚነሱት ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ጥቂት የማይባለው ደግሞ የሚሳበው እዚሁ አቃቂ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የአካባቢው ዓለት ስንጥቅጥቅና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። ውሃ ያጠራቀመልን ይኸው ጠባዩ ነው፤ ቆሻሻም ወደ ታች ሊያሳልፍ የሚችለው በዚሁ ጠባዩ ነው። ወንዝን ክረምት ያጥበዋል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ከተበከለ ግን በእኛ ዕድሜ ላይጠራ ይችላል።

ከባለ ፋብሪካዎቹ የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። ቆዳ ፋብሪካ ጸጉር ለመግፈፍ ኖራና ሰልፋይድ፣ ቆዳ ለማልፋት ክሮም ይጠቀማል። የክሮሙ ፍሳሽ ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው ከተያዘ፣ ክሮሙን አዝቅጦ እንደገና መጠቀም ይቻላል። ማጣሪያ ገንብቶ ለተቆጣጣሪ ማሳየት፣ ሲመሽ የመብራትና የኬሚካል ወጪ ለመቆጠብ ዘግቶ በጎን መልቀቅ ግን ስርቆት ነው። የሚሰረቀውም የእኚያ አባት ጎመንና የልጆቻችን ጤና ነው።

እኛ ሰፈር ላቫጆ ያለው አንድ ወጣት አለ። በብሎኬትና በሲሚንቶ ተከታታይ ሦስት ጉድጓድ ሠርቷል። በመጀመሪያው አሸዋው ይዘቅጣል፣ በሁለተኛው ዘይቱ ይንሳፈፋል፣ በሦስተኛው የተሻለው ውሃ ይወጣል። የተንሳፈፈውን ዘይት እየገፈፈ በርሜል ውስጥ ያጠራቅማል። ማንም አላስገደደውም። «እናቴ ከታች ሰፈር ናት» ነው ያለኝ። የሁላችንም እናት ከታች ሰፈር ያለች ያህል ብናስብ እንዴት ጥሩ ነበር።

ነዋሪውም ንጹሕ አይደለም። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ወደ ጎርፍ መውረጃ የሚለቅ ጎረቤት ስንቶቻችን እናውቃለን? አይተን ዝም ያልነውስ?

አሁን እድር እዚህ ምን ሊያደርግ ይችላል ወደሚለው ልምጣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ብዙ ሰው የማያውቀው መብት ሰጥቶናል። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ እሱን ነክቶት መሆኑን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለአንድ ገበሬ ይህ ከባድ ነው። ሥራውን ፈትቶ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት አለበት፤ ከባለሀብት ጋር መጋጨትም ያስፈራል። እድር ግን መዝገብ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ማኅተም አለው፤ አባላቱም ሲያዝኑ ብቻ ሳይሆን ሲጎዱም መተጋገዝ ያውቃሉ። ውሃው የጠቆረበት ቀንና ሰዓት፣ ሽታው፣ ፍሳሹ የወጣበት ቱቦና በስልክ የተነሣ ፎቶ በአንድ ደብተር ለሦስት ወር ቢመዘገብ፣ «ማን እንደለቀቀ አይታወቅም» የሚለው መልስ አቅም ያጣል።

የእኛ እድር የወሩ ስብሰባ የፊታችን እሑድ ነው። ደብተሩን ገዝቻለሁ፤ የማመልከቻውንም ረቂቅ ጽፌ ለእድራችን ዳኛ ሰጥቻቸዋለሁ። ወንዝ ዳር ያገኘኋቸውም አባት የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ላስሞላ ብለዋል፦ ጥር፣ ማለዳ 12 ሰዓት፣ ጥቁር ውሃ፣ ነጭ አረፋ።