የሳይኮሎጂ መመረቂያ ርዕስ፣ እዚህና አገር ቤት

አገር ቤት ሳይኮሎጂ የሚማሩ የዘመድ ልጆች የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስባቸው በቴሌግራም ርዕስ ይልኩልኛል። «ጋሼ፣ ይሄ ያስኬዳል?» ይላሉ። የሚልኩት ሁሉ ይመሳሰላል። ማኅበራዊ ሚዲያ በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽእኖ፣ የፈተና ጭንቀት በውጤት ላይ ያለው ተጽእኖ፣ የወላጅ አስተዳደግ በልጆች ባህርይ ላይ ያለው ተጽእኖ። ከዚያ የአንድ ትምህርት ቤት ስም ይከተላል። የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላውን ካቻምና የተመረቁት ጽፈውታል።

እኔ የምኖረው እንግሊዝ ነው። እዚህም ተማሪው በርዕስ ይጨነቃል፣ ጭንቀቱ ግን ሌላ ነው። የብሪታኒያ የሥነ ልቦና ማኅበር እውቅና በሰጠው ዲግሪ ተማሪው በመረጃ ላይ የተመሠረተ የራሱን ጥናት መሥራት ግዴታው ነው። አንድ መጠይቅ ከመበተኑ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል። «የድብርት ሕሙማንን ላነጋግር» ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። አማካሪው ደግሞ ከርዕሱ ማማር ይልቅ «ሰው ከየት ታመጣለህ? ስንት?» ይላል። ሁለት ቡድን አወዳድሮ መካከለኛ የሚባል ልዩነት ለማየት በተለመደው ስሌት በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሰማ ተማሪ ምኞቱን ራሱ ያሳጥረዋል።

ይሄ ያስቀናል። አገር ቤት መጀመሪያ ርዕሱ ይጸድቃል፣ ሊሠራ መቻሉ በኋላ ይታያል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ያ «ተጽእኖ» ነው። አንዴ ተበትኖ በተሰበሰበ መጠይቅ ተጽእኖ አይታወቅም። ጭንቀቱ ውጤቱን ጎድቶት ይሁን፣ የወረደው ውጤት ጭንቀቱን አምጥቶት ይሁን፣ ወይስ ሌላ ሦስተኛ ነገር ሁለቱንም ፈጥሯቸው ይሁን ወረቀቱ አይለይም። «ግንኙነት» ቢባል በቂ ነበር። ግን አማካሪውም በዚያው መንገድ ነው የተመረቀው፣ ማን ይንገረው?

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ያን ያህል የሚመኩበት የላቸውም። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠናው ማነው? ለኮርሱ ነጥብ ብሎ መጠይቅ የሚሞላ የአንደኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ። ሄንሪክ፣ ሃይንና ኖሬንዛያን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ይህን አጋልጠውታል። በሙያው ታላላቅ መጽሔቶች ላይ ከታዩት ተሳታፊዎች 96 በመቶው ከበለጸጉት ምዕራባውያን አገሮች ነበሩ፤ እነዚያ አገሮች ግን የያዙት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶውን ነበር። የእኛ ልጅ እንግዲህ ማንም ዞር ብሎ ባላየው በ88 በመቶው መሀል ቁጭ ብሎ፣ የ12 በመቶውን ጥያቄ ይገለብጣል።

ስለዚህ ርዕስ ሲልኩልኝ እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ። የምትለካው በምንድን ነው? ፒኤችኪው-9 የሚባለው የዘጠኝ ጥያቄ የድብርት መጠይቅ በአማርኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትሾ ታትሟል፤ እሱን መያዝ ይቻላል። ሌላውን ግን በአንድ ሌሊት በጉግል ተርጉሞ መበተን ልፋትን ውኃ ማስበላት ነው። መጠይቁ በአማርኛ ካልተፈተሸስ? ያው፣ መፈተሹ ራሱ ርዕስ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉም፣ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ከዚያ ሰው ሞልቶት የጥያቄዎቹ መልስ እርስ በርስ ይገጥም እንደሆነ ይታይ። እንደ «ተጽእኖ» ባያምርም ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ይጠቀምበታል።

መጠይቅ መበተን የሰለቸውም መውጫ አለው። በኦክስፎርድ የሚመራው «ያንግ ላይቭስ» ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል ኖሯል። 3,000 ያህሉ የእኛው ናቸው። ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ኑሯቸው፣ ለራሳቸው ስለሚሰጡት ግምት የተሰበሰበው መረጃ እዚህ አገር ባለ የመረጃ ቋት ተቀምጧል፤ ተመዝግቦ በነጻ ማውረድ ይቻላል። እነዚያኑ ልጆች በተለያየ ዕድሜያቸው ስለጠየቀ፣ የቱ ከየቱ እንደቀደመ ቢያንስ ይታያል። እዚህ ያለ ተማሪ የኢትዮጵያን ልጆች መረጃ አውርዶ ሊመረቅበት ይችላል። አገር ቤት ርዕስ ከሚልኩልኝ ግን ስሙን ሰምቶ የሚያውቅ እስካሁን አላገኘሁም።