ማልያ የገዛ አይሳሳትም

በተጫዋቾች መካከል መከባበር ጠፍቷል የሚል ሰው ካለ፣ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ብቅ ይበልና የእኛን የጤና ቡድን ይመልከት። (ጤናው ስሙ ላይ ነው። ዘንድሮ ብቻ ሁለት ጉልበትና አንድ የሽርክና ሱቅ ፈርሶብናል።) እኛ ዘንድ ክብር ሞልቶ ይፈሳል። የሚፈሰው ግን ወደ አንድ ሰው ነው፤ ወደ አምበላችን።

ጋሼ አምበል የሆነው በምርጫ ነው። ማልያ የገዛልን ዕለት ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ሁለት ደርዘን፣ ቁጥር የታተመበት፣ ከነካልሲው! 10 ቁጥርን ለራሱ አስቀረና ሌላውን «እንደፈለጋችሁ ተካፈሉ» አለን። እንዲህ ያለ ትሕትና ከየት ይመጣል? ፔሌና ማራዶናም 10 ቁጥር ለብሰዋል፤ ግን አንዳቸውም ከኪሳቸው አውጥተው ለቡድኑ አላለበሱም።

የጋሼ የጨዋታ ቦታ መሀል ሜዳ ነው፤ ሥራው መጠቆም። አንድ እጁን ወገቡ ላይ ያደርግና በሌላው ይጠቁማል። ኳስ ሲነጠቅ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። ሊያስጥል እንዳይመስላችሁ፣ የሚቆጣውን ሰው እየፈለገ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ግራ ተከላካያችንን ነው።

ግራ ተከላካያችን ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። ማልያውን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ የሚያመጣው እሱ፣ ወስዶ የሚያሳጥበው እሱ፣ መረቡ ሲቀደድ የሚቋጥረው እሱ። ይህን ሁሉ ስለሚያደርግ ማንም አመስግኖት አያውቅም፤ ምስጋና ሰው ያበላሻል።

ያለፈው እሁድ ኮርና አግኝተን ሁላችንም ወጣን። ኳሷ ተመልሳ ወደ እኛ ጎል መምጣት ስትጀምር ከኋላ የሚሮጠው እሱ ብቻ ነበር። ሜዳውን ሙሉ ሮጦ፣ ጠጠሩ ላይ ተንሸራትቶ፣ አጥቂው ሊመታ እግሩን ባነሳበት ቅጽበት ነጠቀው። ጉልበቱ ተላጠ። ተነሣ፣ አቧራውን ተፋ፣ ለጋሼ አቀበለ። ኳሷ ከጋሼ ጀርባ ግማሽ ሜትር ያህል ራቀች። ጋሼ እግሩን መዘርጋት ከክብሩ በታች ነውና ቆሞ አሳለፋት።

«ሰው ላይ አቀብል እንጂ!»

ቡድኑ በአንድ ድምፅ «ሰው ላይ አቀብል እንጂ!» አለ። እኔ በረኛ ነኝ። ያችን ጎል ያዳነው ለእኔ ነው። ቢሆንም ዝም ማለት አለመተባበር እንዳይመስልብኝ ከማንም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ቆይቶ ይኸው ልጅ ሳጥን ውስጥ ተጠለፈና ፔናሊቲ ተሰጠን። ጋሼ ኳሷን አንሥቶ በመሐረብ ጠረጋት። ከ11 ሜትር ነው፣ በረኛውም ገና ቁርሱን አልበላም። ጋሼ መታ፤ ኳሷ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ሄደች። ያን ጊዜ ነበር መከባበራችንን ማየት! «ሜዳው ነው ጋሼ።» «ንፋሱ ወሰዳት።» «ኳሷ ራሷ አየር የላትም።» አንዱ የውኃ ክዳን ከፍቶ አቀረበለት። ልጁ እያነከሰ ሄዶ ኳሷን አመጣ።

ደግሞስ ጋሼ ዝም ብሎ ሰው መሰላችሁ? በ1996 ዓ.ም. ለጥቂት ነው ሀዋሳ ከተማ ሳይገባ የቀረው። ክለቡ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣበት ዓመት ነው፤ በ1999 ደግሞታል። በነገራችን ላይ፣ በከተማችን ከአርባ ያለፈ ወንድ ሁሉ በ1996 ለጥቂት የቀረ ነው። ለጥቂት የቀሩት ቢሰበሰቡ ሌላ ሊግ ያቋቁማሉ።

በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ አቴንስ የሆነው ነገር ግን ጋሼን እስከዛሬ ያናድደዋል። በ10,000 ሜትሩ ፍጻሜ ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ሆነው ወደ ኋላ እየዞሩ ኃይሌን ይፈልጉ ነበር። የአትላንታና የሲድኒ ባለወርቅ ያን ቀን እግሩን ታሞ ወደ ኋላ ቀርቷል። ይድረስብን ብለው ሩጫቸውን ቀነስ አደረጉለት። አልሆነም፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል? ኃይሌ ማልያ ገዝቶላቸዋል? እኛ ብንሆን ኖሮ ዞር ብለን «ምን ትጎተታለህ!» እያልን እናበረታታው ነበር።

ከጨዋታ በኋላ አሞራ ገደል ወርደን፣ አሳ ጥብስ አዝዘን፣ ግምገማ ተቀመጥን። የዕለቱ አጀንዳ መከባበር ነበር። ጋሼ ረዘም አድርጎ ተናገረ፣ እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። በመጨረሻ ሰዓት አለማክበር ቡድንን መናቅ ነው ተባለና፣ አሥር ደቂቃ ያረፈደው ግራ ተከላካያችን 50 ብር ተቀጣ። ያረፈደው ጋሼን ከቤቱ ሊያመጣ ሄዶ፣ ጋሼ ቡናውን እስኪጨርስ በር ላይ ስለቆመ ነው። ልጁ ይህን አላነሣም። እኔም አውቅ ነበር፤ አሳው ትኩስ ስለነበር አፌ ሥራ ላይ ነበር።

ጋሼ ወደ ቤቱ የተመለሰው በልጁ ባጃጅ ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ መንገዱን እየጠቆመ።