እንዳለ ይኑርልን

ሁሉም ነገር በሚለዋወጥበት በዚህ ጊዜ፣ ንቅንቅ የማይል አንድ ነገር ማግኘት መታደል ነው። ጅማ ላይ የቡና ዋጋ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። የባጃጅ ሒሳብ ዝናብ ሲጥል ይጨምራል፤ ሲያባራ የሚቀንስ ግን የለም። ሬስሊንግ፣ ያ በቴሌቪዥን የምናየው የፈረንጅ ትግል፣ ብቻ እንዳለ አለ። በከተማችን ከመርካቶ ሰፈር እስከ ኮቺ፣ ኳስ ማሳያ ቤቶች ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ በፍላሽ የሚለቁትን ግጥሚያ አይቶ "ይሄንን እኮ አይቼዋለሁ" የሚል ሰው ልክ ነው። ባያየውም ልክ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ምስጋና ይቅደም። ሬስሊንግ የተመልካቹን ደም ግፊት ያስባል። የአስራ አምስት ደቂቃ ግጥሚያ አካሄዱ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ሦስት አራት ደቂቃ ጥሩው ሰውዬ ይበረታል። ቀጥሎ ዳኛው ዞር ሲልለት ክፉው ዓይን ይወጋል፣ ከገመዱ ውጪም ገፍትሮ ይጥለዋል፤ ማስታወቂያ የሚገባው ልክ እዚህ ጋ ነው። ከማስታወቂያ ስንመለስ ጥሩው መሬት ተቀምጦ አንገቱ ተጠምዟል። ይህቺ አንገት ጥምዘዛ ለእኛ ሲኦል ትመስላለች፤ ለሁለቱ ግን የሻይ ሰዓት ናት። ትንፋሽ ይሰበስባሉ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሠሩ በጆሮ ይንሾካሾካሉ፤ ጸጉረ ረጅሞቹ አፋቸውን በጸጉራቸው ይጋርዳሉ። ዳኛውም ጆሮው ውስጥ ባለችው ማዳመጫ ከጓዳ "ሰዓት አልቋል፣ ጨርሱ" ሲባል ጎንበስ ብሎ እንደ መመርመር እያለ መልእክቱን ያደርሳል። ከዚያ ጥሩው በጭብጨባ ይነሳል፣ ዋናውን ምቱን ይመታል፣ ይተኛበታል። አንድ... ሁለት... ክፉው በሁለት ተኩል ላይ ትከሻውን ያነሳል! ኮሜንታተሩ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ብሎ ይጮኻል። ባለፈው ሳምንትም አላየም ነበር።

የሙያውን ጥበብ የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እነሱን አንሰማም። ሪንጉ በየጎኑ 6 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሥሩ የብረት አግዳሚ፣ በላዩ የእንጨት ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ የተወጠረ ሸራ። ጣውላው ስለሚረግብ ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ስለሚጮኽ ደግሞ ጉዳቱን ያበዛል። ከሥሩ ማይክ ስለሚደረግለት አንድ ሰው ሲወድቅ ፎቅ የፈረሰ ይመስላል። ቡጢ የሚሰነዝረው ሰውዬ እጁን ሳይሆን እግሩን ተመልከቱት፦ ቡጢው ፊት ጋ ሲደርስ እግሩ መሬቱን ይደቃል፤ ያ የሰማችሁት "ጧ" የጫማው ነው። የሚወድቀውም አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ በጀርባው ሙሉ ተዘርሮ፣ በሁለት እጁ ሸራውን እየመታ ነው የሚወድቀው፤ እንዲህ ሲሆን ምቱ በመላ ሰውነቱ ይከፋፈላል። አገጩን ካልሰበሰበ ማጅራቱ ይመታል። ያኔ ዳኛው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ ያሳያል፤ "ይሄኛው የምር ነው" ማለት ነው። ካሜራው ወዲያው ፊቱን ያዞራል። በሦስት ሰዓት ፕሮግራም ውስጥ እውነት ለአፍታ ብቅ ስትል ላያሳዩን መጠንቀቃቸው፣ እሱስ ክብር ይገባዋል።

ወንበሩንስ ማን ይረሳል? ተጣጣፊ የብረት ወንበር ነው፤ አጥፎ ሰፊውን ፊቱን ይዞ ጀርባ ላይ ማሳረፍ ነው ዘዴው፤ ስፋቱ ምቱን ይበትነዋል፣ ቆርቆሮው ድምፁን ይሰጣል። በጠርዙ መምታት ነውር ነው፤ ጭንቅላት መምታት ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ተከልክሏል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ ላይ የጅማ ልጅ ደረቱን ቢነፋ አይፈረድበትም። የእኛ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ሦስት እግር አለው፣ መጋጠሚያ የለውም፣ ሚስማር የለውም፣ አይታጠፍም። መቀመጫው ጎድጓዳ ስለሆነ ጠፍጣፋ ፊት የሚባል ነገር የለውም፤ ከየትም ይዘህ ብትሰነዝረው ወይ ጠርዙ ወይ እግሩ ይቀድማል። ሬስሊንግ ጅማ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ግጥሚያ የመጨረሻው ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ታማኞቹ ተመልካቾች እንምጣ፤ ዋናው ሙገሳ የሚገባው ለእነሱ ነውና። በ1989 ሬስሊንጉን የሚያዘጋጀው ኩባንያ፣ ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው፣ ለአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ሕግ አውጪዎች ራሱ በአፉ ተናግሯል፦ ይሄ ውድድር አይደለም፣ መዝናኛ ነው። የተናገረውም ሕሊናው ወቅሶት አይደለም፤ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ከግብር ለመዳን ነው። ወሬው ውቅያኖስ አቋርጦ በየበርጫው ከደረሰ ስንት ዘመኑ፤ ክርክሩ ግን ዛሬም ትኩስ ነው። "እሺ ደሙስ?" ይላል አንዱ። ደሙ እውነት ነው ወንድሜ፤ ምላጩም እውነት ነው። የእጁ ፋሻ ውስጥ ደብቆ፣ ወድቆ ፊቱን በሸፈነበት ሰዓት ግንባሩን የሚጭራት ራሱ መሆኑ ነው ነገሩ። እሷም ብትሆን ከ2008 ወዲህ ልጆች ከነወላጆቻቸው እንዲያዩ ሲባል ከስክሪን ጠፋች ማለት ይቻላል።

እርግጥ ውሸት መሆኑ ማንንም አስቀይሞ አያውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ተባብለን ስንት ዓመት ተዋደን ኖረናል! የከፋው ውሸቱ ማርጀቱ ነው። ታጋዩን አንደርቴከርን ውሰዱ፤ በዓመቱ ትልቁ ዝግጅት፣ በሬስልማኒያ፣ 21 ጊዜ አሸንፎ በ2014 በብሮክ ሌስናር ተሸነፈ። ያ ቀን የምር አስደንግጦ ነበር፣ እዚያ ላይ ሐሜት የለም። በ2017 ጓንቱን፣ ኮቱንና ኮፍያውን ሪንጉ መሃል አኑሮ ሄደ፤ ሰው አለቀሰ። በ2018 ተመለሰ፤ እንባችንን ግን አልመለሰልንም። የመጨረሻ ስንብቱ በ2020 ሆነ። ሪክ ፍሌር ደግሞ በ2008 በእንባ ተሸኝቶ፣ በ2022 በ73 ዓመቱ "የመጨረሻ ግጥሚያዬ" ብሎ ሪንግ ገባ። ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ይፈታል ያለው ማነው? ጭንብል አጥልቆ እሳት ያስነሳ የነበረው ኬን እንኳ በ2018 አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ የኖክስ ካውንቲ ከንቲባ ሆነ፤ በጀት ወደ ማጽደቅ፣ መንገድ ወደ ማስጠገን ገባ። ባጃጅ ላይ የተለጠፈው ኬን ግን ሥልጣን አላማለለውም፤ ዛሬም የድራማውን ወንድሙን አንደርቴከርን ሊበቀል ዓይኑን አፍጥጦ በጅማ ፈረንጅ አራዳ ያልፋል።

ኩባንያው እስካሁን አስቀድሞ ሳይጻፍለት የተሸነፈው አንድ ጊዜ ነው ብንል ብዙም አልዋሸንም፦ ስሙን ደብሊው ደብሊው ኤፍ ብሎ ሲጠቀም፣ በዚሁ አጭር ስም የሚጠራው፣ ፓንዳ አርማው የሆነው የዱር እንስሳት ድርጅት ፍርድ ቤት ገትሮት በ2002 ስሙን ቀየረ። ፓንዳው ወንበር አላነሳም፣ ዓይን አልወጋም።

ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ተመልካች ቢያጣም ሰዓት አላጣም። የሰኞው ፕሮግራም፣ ሮው፣ በ2012 ከሁለት ሰዓት ወደ ሦስት አደገ። ሾርባው ሲቀጥን ድስቱን መቀየር ነው እንግዲህ። ቀበቶውም በዝቷል፤ ከ2023 ጀምሮ ለወንዶቹ ብቻ ሁለት የዓለም ሻምፒዮን አለ፣ ዓለም ስንት እንደሆነች የጠየቀ የለም። በኮሮና ጊዜ አዳራሹ ባዶ ሲሆን የተመልካች ፊት በስክሪን ደርድረው ጩኸት ከማሽን ለቀቁ፤ የጅማ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያሰማው ጭብጨባ ከዚያ የተሻለ እንደነበር የታዘበ ይመስክር። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ሮው ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረበትን ቴሌቪዥን ትቶ ወደ ኔትፍሊክስ ሄደ። ቀጥታ ማየት የፈለገ የእኛ ሰው ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ይነሳል፣ ስልኩን ይከፍታል፣ መሃል ላይ የምትሽከረከረውን ክብ ምልክት ያያል። እሷም ብትሆን ትግል ናት።

ወጣቱ የት ሄደ ለሚል፣ ቲክቶክ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በቀጥታ ስርጭት ለአምስት ደቂቃ ይሰዳደባሉ፣ ደጋፊው ስክሪን ይደበድባል፣ ስጦታ ይዘንባል፣ ተሸናፊው ይቀጣል፤ ካሜራው ሲዘጋ ሁለቱ ተደዋውለው ይስቃሉ። ጥሩውም ክፉውም፣ ያልታሰበ ጣልቃ ገቢውም አለበት። የጎደለው አንገት ጥምዘዛው ብቻ ነው፤ አምስት ደቂቃ ውስጥ ማን ሻይ ይጠጣል? የሬስሊንግ ታማኝ ግን በእንዲህ ያለ ተራ ማታለል አይሸወድም። እሱ ሦስት ሰዓት ካልፈጀ አይታለልም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ማሳያ ቤት ግቡና እዩት። አግዳሚው ሞልቷል፣ ውጪ ዝናብ ነው፣ ፍላሹ ተሰክቷል። ጥሩው ሰውዬ ዋናውን ምት መትቶ ተኝቶበታል። አንድ... ሁለት... ዳኛው ለሦስተኛው እጁን ሲያነሳ ባለቤቱ ፍላሹን ነቅሎ ወደ ዲኮደሩ ይመልሰዋል፤ የአርሰናል አሰላለፍ ይወጣል። ማን አሸነፈ የሚል የለም። ከኋላ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል፦ "ድምፅ ጨምርልን!"