የት ነው የሚቆመው?

ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ባለው ግቢያችን ውስጥ አንድ ነጭ የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ድንጋይ ላይ ቆሞ ከረመ። ኮፈኑ ወልቋል፤ ጎማዎቹ ግድግዳ ተደግፈዋል። ከጎኑ ደግሞ ከሻርጃ በሰው በሰው የመጣ የመኪና ሞተር በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ሞተሩን ዲኤክሱ ላይ ሊገጥመው የገዛው የእህቴ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዙ እየቆነጠረ አጠራቅሞ ነው የገዛው።

ሞተሩ የገባ ቀን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ግቢያችን ነበር። አንጋፋው የሰፈራችን መካኒክም መጣ። ሸራውን ገለጥ አድርጎ አየ። ቺንጊያውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ዝም ብሎ ቆየና ልጁን፣ «መሮጡንስ ይሮጣል። የት ነው የሚቆመው?» አለው።

ይህን የምጽፈው ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለ ነው። በዚህ ጉዳይ ሰው ሲከራከር እሰማለሁ። አንዱ «ጎረምሶች ቤታቸው ሞተር እየቀየሩ ሊፈጁን ነው፣ ይከልከል» ይላል። ሌላው «ንብረቱ ነው፣ ምን አገባችሁ» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር አይደለሁም። ይቀይር ባይ ነኝ። ግን ከፍሬኑ ይጀምር።

መጀመሪያ ልጁን ላስረዳለት። «አርባ ዓመት ያለፈው መኪና ላይ ይህን ሁሉ ብር ከማፍሰስ ሌላ አይገዛም?» ይሉታል። ከየት አምጥቶ? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል። አሮጌ መኪናን መጠገን፣ ማደስ፣ ማሻሻል እዚህ ከተማ ውስጥ ቅንጦት አይደለም። ወጣቱ እጁን የሚያፍታታበትም ሙያ ነው።

ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ሞተር ሲያቃስት ያልሰማ ማን አለ? ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ አራት ሰው ጭነህ ውጣ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ እስከ ወለል ረግጠህ መኪናው ይለምንሃል። ጥፋቱ የመኪናው ብቻ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነውና፣ አየሩ ሲቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ፒያሳ ሲደርስ 75 ገደማ ይሆናል። ሩቡን አየሩ በላው ማለት ነው። የዲኤክሱ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ደግሞ አዲስ ሆኖም ከ70 ፈረስ የማይበልጥ ነው። ሩቡ ሲነሳለት ምን ይተርፈዋል?

ሱፐርቻርጀር እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ቱርቦን የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ቱርቦ በጭስ ግፊት ይዞራል። ሱፐርቻርጀር ግን ሞተሩ ራሱ በቺንጊያ ያዞረዋል። አየሩን እየጨመቀ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋል። ገና ስትረግጠው ነው የሚመልስልህ፣ እንደ ቱርቦ ጭሱ እስኪበረታ አይጠብቅም። ዳገት ላይ፣ ከመብራት ሲነሳ፣ ሰው ሞልቶ ሲሄድ የሚፈለገው ይኸው ነው። ልጁ ያመጣው ሱፐርቻርጀር ያለው የቶዮታ 4ኤ-ጂዜድኢ ሞተር ነው። ባለ 1.6 ሊትር ነው። መጀመሪያ በፈረንጆቹ 1986 ኤምአር2 በምትባለው ትንሽ ስፖርት መኪና ላይ ሲወጣ 145 ፈረስ ነበረው። ፒያሳ ላይ እሱም ይቀንሳል። ግን አየር እየተገፋለት ስለሆነ የዲኤክሱን ሞተር በእጥፍ ይበልጠዋል። ከአንድ ቶን በታች የሚመዝን መኪና ላይ እጥፍ ጉልበት ቀላል ነገር አይደለም።

ልጁ ይህን ሁሉ ያውቃል። ከእኔ በላይ ያውቃል። ያላሰበው ሌላውን ነበር።

ሞተሩ የተሠራው ለጎን ተቀማጭ ነው። ዲኤክስ ደግሞ ሞተሩ በቁመት ተቀምጦ የኋላ እግሩን የሚያዞር መኪና ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ይቀየራል፣ የውሃ ቱቦው አቅጣጫ ይዞራል፣ ካምቢዮውም ሌላ መሆን አለበት። የድሮው ካምቢዮ ይህን ጉልበት አይችለውም። ይህ ሁሉ በትዕግሥትና በጥሩ በያጅ ይሠራል። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጁ አዲሱን የቤንዚን ፓምፕ ሊሞክር ተነሳ። ዲኤክስ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ካርቡራተር ነው ያለው። ቤንዚን የሚደርሰው በትንሽ ግፊት ነው። አዲሱ ሞተር ግን ቤንዚን በግፊት የሚረጭ ኢንጀክሽን ስላለው አሥር እጥፍ ያህል ግፊት ይፈልጋል። ልጁ አዲሱን ፓምፕ ከድሮው የጎማ ቱቦ ጋር አገናኘውና ባትሪ ሰጠው። ቱቦው መጀመሪያ እንደ ፊኛ አበጠ። ከዚያ ከማሰሪያው ሥር እንደ መርፌ የቀጠነ ቤንዚን ተፈናጠረ፤ አጥሩ ድረስ። በዚያው ሰዓት እህቴ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዛ ቡና እያፈላች ነበር። መሃላቸው ያለው ርቀት አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ልጁ ባትሪውን ነቀለ። እኔ ምድጃውን በእጄ አንስቼ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ማንም አልተቃጠለም። እህቴ ግን ለሦስት ቀን ልጇን አላነጋገረችውም። ልክ ናት።

ቤት ውስጥ ሞተር ለሚቀይር ሁሉ ይህን በልመና እናገራለሁ። የቤንዚን መስመሩን ከታንከር ጀምረህ ለኢንጀክሽን በተሠራ ቱቦ ቀይር። ከሰልና ቤንዚን በአንድ ግቢ አይዋሉ። እሳት ማጥፊያ ግዛ። የራዲያተር ክዳኑንም አትናቅ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተሩ ሳይፈላ የሚውለው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የተጨመቀ አየር ደግሞ ይሞቃል፣ ሞተሩንም ያሞቀዋል። ክዳኑ ካረጀ ዳገቱን ሳትጨርስ ያፈላብሃል።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ዲኤክሱ ፊት ለፊት ትንሽ ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር ነው ያለው። ለ70 ፈረስ የተሠራ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚሸከመው ሥራ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ከ40 ለማቆምና ከ80 ለማቆም የሚፈጠረው ሙቀት አይገናኝም። ቁልቁለት ደግሞ አለ። ከማዘጋጃ ተነስተህ ቸርችልን እስከ ለገሃር ስትወርድ እግርህ ፍሬን ላይ ነው። ዲስኩ ይግላል። የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ውሃ ጠጥቷል፣ ሲግል ይፈላል። ያኔ ፔዳሉ ባዶ ሆኖ እስከ ወለል ይገባል። ከፊትህ መንገድ የምታቋርጥ እናት ልትኖር ትችላለች። ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ። ሌሊት ማርሚታ አውልቀው ቸርችል ላይ ለሚሽቀዳደሙት ጥብቅና አልቆምም። እነሱ የሚጫወቱት በሰው ነፍስ ነው።

ግን እነሱን ለመቅጣት ብለን ግቢው ውስጥ በጥንቃቄ የሚሠራውንም ብንከለክል የሚሆነው ይታወቃል። ተደብቆ ይሠራል። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ይጻፋል። ሌላ ሞተር ገብቶ ሊብሬው የድሮውን ቁጥር ከያዘ መኪናውን መሸጥም፣ ኢንሹራንስ መጠየቅም ጣጣ ነው። ሰው ግን ጣጣውን እያወቀ ይደብቃል፤ ብናገር መኪናዬን ይይዙብኛል ብሎ ይፈራልና።

የዓመቱ ምርመራስ? ፍሬኑ የዚያን ቀን በእኩል መያዙን መለካት ጥሩ ነው። ግን እጥፍ ጉልበት ለተጨመረበት መኪና አይበቃም። ሞተር ለቀየረ ሰው ለብቻው የተጻፈ፣ ግልጽ የሆነ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ፍሬኑ ለአዲሱ ሞተር ይመጥናል ወይ? የቤንዚን መስመሩ ተቀይሯል ወይ? የሞተሩ ማሰሪያ በወጉ ተበይዷል ወይ? ይህን አንድ የሚያውቅ መርማሪ በግማሽ ቀን ያየዋል። ካለፈ አዲሱ ቁጥር ሊብሬ ላይ ይግባ፣ ቦሎውን ይውሰድ። ካላለፈ ምን እንደጎደለው ተጽፎ ይሰጠው። መንገዱ ከታወቀ ወጣቱ ራሱ ነው የሚመጣው። እንደ እህቴ ልጅ ያለው ደግሞ ኩራቱን ሊያሳይ ቀድሞ ይመጣል።

እኛ ግቢ የሆነው እንዲህ ነው። መካኒኩ ያንን ከተናገረ በኋላ ልጁን ለብቻው ጠራሁት። «ሞተሩን ተወው፤ መጀመሪያ ፍሬኑን ሥራ» አልኩት። «ጋሼ፣ ብሩ እኮ አለቀ» አለኝ። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። ግማሹን እኔ ቻልኩ። ከተለቅ ያለ ቶዮታ የወጣ የፊት ዲስክና ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን ካሊፐር ከሶማሌ ተራ ገዛን። የፍሬን ሸራውን፣ የፍሬን ቱቦውንና የፍሬን ዘይቱን በአዲስ ቀየርን። የፍሬን ማስተሩም ተቀየረ። ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ፤ መካኒኩ ሁለት ጊዜ አስፈትቶ እንደገና አሠርቶታል።

ባለፈው እሑድ ማለዳ ጎማው ተመለሰ። የድሮው ሞተር እንዳለ ነው። መካኒኩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ከማዘጋጃ ቁልቁል ወረድንና ቴዎድሮስ አደባባይ ከመድረሳችን በፊት መካኒኩ «አሁን» አለው። ልጁ ረገጠ። መኪናው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል ቀጥ ብሎ ቆመ። ሽማግሌው በሩን ከፍቶ ወረደ፤ እጁን ወደ ፊት ጎማው አስጠጋና ሙቀቱን አየ። «እንደገና» አለ። ስድስት ጊዜ ወጥተን ስድስት ጊዜ ወረድን።

ሞተሩ አሁንም ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ነው። ካምቢዮ እየፈለግንለት ነው።