ልጅቷ ሳታለቅስ ኪቦርዱ ያለቅሳል

«ኢሬዘርሄድ» የተባለውን ፊልም ታሪክ አስተካክሎ የሚተርክ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ድምፁን ግን ያየው ሁሉ ያስታውሰዋል። ዴቪድ ሊንች ፊልሙን ያወጣው በ1977 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፀጉሩ ወደ ላይ የቆመ ሰውዬ፣ ጭስ የጠገበ የፋብሪካ ሰፈር፣ ሰው ይሁን ሌላ ፍጥረት የማይለይ የታመመ ሕፃን። ከኋላ ደግሞ የማይለቅ ጉምጉምታ አለ። እንፋሎት ይፏጫል፣ ማሽን ያጓራል፣ ንፋስ ይነፍሳል። ሊንች እና የድምፅ ባለሙያው አለን ስፕሌት በዚህ ጩኸት ላይ የደከሙትን ያህል ብዙ ዳይሬክተር በምስሉ ላይ እንኳን አይደክምም።

መሃል ላይ ጉንጮቿ ያበጡ ሴት ከቤት ማሞቂያው ውስጥ ብቅ ብላ ስለ መንግሥተ ሰማያት ትዘፍናለች። ዜማውን የሠራው ፒተር አይቨርስ ነው። የምንሰማውም የሴትየዋን ሳይሆን የእሱን ድምፅ ነው። አጭር ዘፈን ናት፣ ግን አልሞተችም። የአሜሪካውን የሮክ ባንድ ፒክሲስን ጨምሮ ስንት ባንድ ተጫውቷታል።

እንዲህ ያሉ ፊልሞች ብዙ ተመልካች የላቸውም። የወደዳቸው ግን እስከ መጨረሻው ይወዳቸዋል፤ ከወዳጆቻቸው መካከል ደግሞ ሙዚቀኛ አይጠፋም። የዳይሬክተር ሆዶሮቭስኪ ፊልም «ኤል ቶፖ» ከታኅሣሥ 1970 ጀምሮ ኒው ዮርክ፣ ኤልጊን ሲኒማ በእኩለ ሌሊት ሲታይ የቢትልሱ ጆን ሌነን ወደደው። በእሱ ግፊትም ሥራ አስኪያጁ አለን ክላይን የማከፋፈል መብቱን ገዛ። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ በ1976 ኮንሰርቱን የሚከፍት ባንድ አልቀጠረም፤ ቡኝዌል እና ዳሊ በ1929 የሠሩትን፣ ዓይን በምላጭ የሚቀደድበትን አጭር ፊልም አሳየ። ቲኬት ቆርጦ ሊጨፍር የመጣ ሰው በዚያ ተቀበሉት! ያው ፊልም በ1989 የፒክሲስ አልበም መክፈቻ ዘፈን ሆኖ ተመለሰ።

ሙዚቀኞቹ ከእነዚህ ፊልሞች የወሰዱት ዜማ ብቻ አይመስለኝም። ድፍረት ነው። ሰሚው ምን ሊሰማው እንደሚገባ ቀድሞ አለመንገር።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ፒያሳም ይሁን ብሔራዊ ትያትር አካባቢ አንድ የተለመደ የአማርኛ ፊልም ግቡ። ልጅቷ ስልክ ታነሳለች። ገና «ሄሎ» ሳትል ኪቦርዱ ማልቀስ ጀመረ። መጥፎ ዜና ሊመጣ ነው ማለት ነው። ሰውዬው በሩን ሲከፍት ከበሮው ይደልቃል፣ ሌባ ነው ማለት ነው። ሳቅ ካለ ደግሞ ያቺ የምትኮረኩር ዜማ አለች። ተመልካቹ ለራሱ የሚያስበው ነገር አይተርፈውም። ዝምታ የሚባል ነገር ያለ እስከማይመስል ድረስ ሁሉም ቦታ በሙዚቃ ይሸፈናል።

የሚያናድደኝ እዚሁ ከተማ ውስጥ ጆሮው ስላለ ነው። «ኢሬዘርሄድ» በወጣበት በ1977 አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ታንቃ ነበር። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ይሠራል። ሰዓቱ ካለፈ ማንም ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እንግዳው እዚያው ያነጋል፣ ባንዱም ሲጫወት ያነጋል። የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ይህን ራሱ አውርቶታል። በዚያ ዓመት «ቼ በለው» የተባለውን አልበም ቀረጹ። እዚያ ውስጥ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ ስሙት። ኦርጋኑ አንድ ቦታ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይወጣም። ደስታ ነው እንዳትሉ የሚያስፈራ ነገር አለው፤ ፍርሃት ነው እንዳትሉ ያስጨፍራል።

እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ፊልም ውስጥ አስገብቶ ለዓለም ያሰማው ግን የእኛ ሰው አልነበረም። ጂም ጃርሙሽ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ2005ቱ «ብሮክን ፍላወርስ» ቢል መሪይ የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ መኪና ይነዳል። ጎረቤቱ፣ ኢትዮጵያዊው ዊንስተን፣ ለመንገዱ ሲዲ ሰጥቶታል። የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» ይሰማል። የሰውየው ፊት ምንም አይናገርም፤ ሙዚቃውም አይተረጉምለትም። ስንቱ የውጭ አገር ሰው ሙላቱን ያወቀው በዚህ ፊልም ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚል መልስ ሁሌም አለ። ሊንችም አልነበረውም። ፊልሙ አምስት ዓመት ገደማ የፈጀው ገንዘብ እያለቀበት ነው፤ በመሃል ጋዜጣ እያደለ ይኖር ነበር። በዚያ ላይ ዝምታ ከኪቦርድ ይረክሳል። (ድምፅ በደንብ ያልተቀዳበትን ቦታ በሙዚቃ መሸፈን እንደሚቀል ይገባኛል። የብዙው የሙዚቃ ጎርፍ ምክንያት እሱ ይመስለኛል።)

«ተመልካቻችን እንግዳ ነገር አይወድም» የሚለውን ግን ፈጽሞ አልቀበልም። ከከተማዋ የመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ቢሆንም እየገባ ያይ ነበር። ላሊበላዎችንስ ረሳናቸው? ሳይነጋ በር ላይ ቆመው፣ ወንድና ሴት ድምፅ ለድምፅ እያያያዙ፣ የቤቱን ሰው በስሙ እየጠሩ ያዜማሉ። ካላዜሙ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምናሉ ይባላል። ልጅ ሆኖ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ የሰማቸው ሰው የሊንችን የእንፋሎት ፉጨት ምኑን ይፈራል? እርግጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ አይወጡም።

ሙዚቀኞቹ ይህን ሰምተዋል። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪው ሚካኤል ሰይፉ በ2014 ባወጣው «የአራዳ ልጅ» ውስጥ ላሊበላን በስሙ የጠራበት ሥራ አለው። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም ባህላዊውን ድምፅ ሰባብሮ በኤሌክትሮኒክስ ይገጥመዋል። ሁለቱም ለማንም አያባብሉም። ከፊልም ሰሪዎቻችን ግን እነሱን ለማጀቢያ የጠራ ስንቱ ነው?

ከእኛ ዳይሬክተሮች ኃይሌ ገሪማ አለ። በ2008ቱ «ጤዛ» ሕልምና ትዝታን እያምታታ ይሄዳል፤ ከማጀቢያው ሠሪዎች አንዱም የእኛው ሳክስፎኒስት ጆርጋ መስፍን ነው። በ2015 ደግሞ «ክራምብስ» መጣ። ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ መንኮራኩር፣ የዛሬው ርካሽ ዕቃ እንደ ቅርስ የሚከበርበት ባዶ ዓለም፣ መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ። አገሩ የእኛ፣ ተዋናዩ የእኛ፣ ዳይሬክተሩ ግን ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ። እኔ ከማውቃቸው ፊልም ወዳድ የአዲስ አበባ ልጆች ያየው በጣት ይቆጠራል።

ከመሃል ከተማ ሲኒማ ቤቶች አንዱ በወር አንድ ቅዳሜ ለዚህ ይስጠን። መጀመሪያ «ክራምብስ»ን ያሳዩ፣ ቀጥሎ አንድ ክራር ተጫዋችና አንድ ላፕቶፕ የያዘ ልጅ መድረክ ላይ ይውጡ። ሃምሳ ሰው ከመጣ ይበቃል፤ ከሃምሳው አሥሩ ሙዚቀኛ ከሆነ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። እኩለ ሌሊት ለታክሲ አይመችም ከተባለም ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀመር።