ማንቂያው በሰከንዶች ይደርሳል፣ ቴሌስኮፑ ግን ሰው እስኪነቃ ይጠብቃል

የጋማ ጨረር ፍንዳታ (ሩቅ ሰማይ ላይ ግዙፍ ኮከብ ሲወድቅ ወይም ኮከቦች ሲጋጩ የሚፈጠር ኃይለኛ ብልጭታ) ብልጭ ብሎ በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ርቀቱንና ምንጩን የሚያሳውቀን ከኋላው የሚቀረው ድኅረ ብርሃን ነው፤ እሱም ቢሆን አይቆይም። ብዙ ጊዜ ድምቀቱ የሚቀንሰው ባለፈው ጊዜ ልክ ነው፦ በመጀመሪያው ደቂቃ የነበረው በ10ኛው ደቂቃ አንድ አስረኛ፣ ሰዓት ሲሞላ አንድ ስልሳኛ ይሆናል፤ በማግኒቲዩድ (የሰማይ አካላት የድምቀት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይደበዝዛል) 4.4 ጠፋ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ በ10 ሰከንድ ፎቶ ይገኝ የነበረው፣ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ቢነሳም ላይገኝ ይችላል።

የማንቂያው መረብ በዚህ አይታማም። እ.ኤ.አ. በ1993 ባኮዲን ተብሎ የጀመረው፣ ዛሬ ጂሲኤን የሚባለው የናሳ አገልግሎት ሳተላይቶች ያዩትን ቦታ ያለ ሰው እጅ ያሰራጫል። በጃንዋሪ 1999 ሮትሲ የተባለው መሣሪያ፣ አራት የካኖን ካሜራ ሌንሶች በአንድ ማቆሚያ ላይ የታሰሩበት፣ ማንቂያው ደርሶት ፍንዳታው በጀመረ በ22ኛው ሰከንድ ፎቶ አነሳ። ብርሃኑ 9ኛ ማግኒቲዩድ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ቢኖኩላር የያዘ ሰው ሊያየው ይችል ነበር።

ታዲያ ዛሬም ማንቂያ ሲደርስ የተረኛውን ስልክ አስጠርቶ «ልዙር ወይ?» ብሎ መልስ የሚጠብቅ አሠራር ለምን ይኖራል? የሚሰጠው ምክንያት የሐሰት ማንቂያ ነው። የሐሰት ማንቂያ ዋጋው አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ነው፤ ያመለጠ ፍንዳታ ግን ተመልሶ አይመጣም። ቴሌስኮፑ ይዙር፣ ፎቶ ያንሳ፣ ከዚያ ሰው ይቀስቀስ።

እርግጥ ነው፣ በጭፍን ይዙር ማለት አይደለም። የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ሳተላይቱ ሳይሆን እኛው የጻፍነው ፕሮግራም ነው። መረቡ የሙከራ መልእክትም ይልካል፤ ቪኦኢቨንት በተባለው ኮምፒውተር በሚያነበው የመልእክት ቅርጽ በሚመጣው ላይ «ሚና» የሚለው ቦታ ሙከራ ወይስ እውነተኛ ምልከታ እንደሆነ ይናገራል። እሱን የማያነብ ፕሮግራም ባዶ ሰማይ ሲያነሳ ያድራል። ካፍካ በተባለው የመልእክት ማስተላለፊያ ሶፍትዌር በኩል የሚቀበል ደግሞ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሲመለስ የተጠራቀመውን መልእክት በአንድ ጊዜ ሊያወርድ ይችላል፤ የፍንዳታው ሰዓት ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ካልተነጻጸረ ቴሌስኮፑ የትናንትናውን ያሳድዳል። የኮምፒውተሩ ሰዓት ራሱ ትክክል መሆን እንዳለበት ሳይረሳ።

ከሁሉም የሚያናድደው የአቅጣጫው ቁጥር ነው። የድሮው የኢሜይል ማንቂያ አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ይጽፋል፦ የሰማይ ቁጥሮች በሚለኩበት መነሻ ዓመት፣ በ2000፣ በወቅቱ እና በ1950። የምድር ዘንግ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ቁጥሮቹ በዓመት እስከ 50 አርክሰከንድ ይለያያሉ፤ በ25 ዓመት እስከ 20 አርክደቂቃ ይጠጋል (አርክደቂቃ የዲግሪ አንድ ስልሳኛ፣ አርክሰከንድ ደግሞ የአርክደቂቃ አንድ ስልሳኛ ነው)። የካሜራው እይታ 20 አርክደቂቃ ከሆነ፣ የተሳሳተውን መስመር ያነበበ ፕሮግራም ኢላማውን ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ይተወዋል፤ ፎቶው ግን ጥርት ያለና የሚያምር ስለሚሆን ስህተቱ ወዲያው አይታወቅም። የሰማይ ምሥራቅ-ምዕራብ ቦታ በዲግሪም በሰዓትም ስለሚጻፍ ዲግሪን በሰዓት ቦታ ማስገባትም አለ፤ አንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለሆነ ቴሌስኮፑ ጭራሽ ሌላ ሰማይ ውስጥ ይገባል።

ፍንዳታው ሊኖርበት የሚችለውን የሰማይ ስፋት የሚያሳየው የስህተት ክብም መነበብ አለበት። ስዊፍት የተባለው የናሳ ሳተላይት የሚሰጠው የመጀመሪያ ቦታ በ3 አርክደቂቃ ያህል የተወሰነ ነው፤ ለብዙ ካሜራ ይበቃል። ፌርሚ በተባለው ሌላ የናሳ ሳተላይት ላይ ያለው ጂቢኤም የተባለ መሣሪያ ግን በብዙ ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፣ ማሻሻያውም በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። ጠባብ እይታ ያለው ቴሌስኮፕ የመጀመሪያውን የፌርሚ መልእክት አይቶ መሮጡ ትርፍ የለውም፤ እዚህ ላይ መታገስ ያዋጣል። ስዊፍት ሲሆን ግን የሚሠራውን ፎቶ ማቋረጥ፣ ሳያስቀምጡ መጣል፣ መጀመሪያ አጫጭር የ10 ሰከንድ ፎቶዎች፣ ቀጥሎ ረጃጅሞቹ። ቀይ ማጣሪያ ይመረጣል፤ በጣም ሩቅ የሆነ ፍንዳታ በሰማያዊው በኩል ጭራሽ አይታይም።

ሰው አያስፈልግም የሚል ካለ ኦገስት 17፣ 2017ን ያስታውስ። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው የተፈጠረውን ፍንዳታ ፌርሚ አይቶ በ14 ሰከንድ ውስጥ ማንቂያውን በራሱ ላከ። ግጭቱ የፈጠረውን የስበት ሞገድ ግን፣ በአሜሪካ በሃንፎርድና በሊቪንግስተን ሁለት ጣቢያዎች ያሉት የስበት ሞገድ መመልከቻ የላይጎ ኮምፒውተር ያየው በሃንፎርዱ ጣቢያ ብቻ ነበር፤ የሊቪንግስተኑ መረጃ ላይ አንድ የመሣሪያ ብልሽት በመውደቁ ተዘልሎ ነበር። ሰዎች የፌርሚን ሰዓት አይተው መረጃውን ሲከፍቱ ምልክቱ ፊት ለፊት ተገኘ። የሰው ቦታ ይህ ነው፦ ማሽኑ የጣለውን መመርመር እንጂ ማሽኑን ማስጠበቅ አይደለም።

ይህ ከአዲስ አበባ በላይ ያለውን የእንጦጦ የሥነ ፈለክ መመልከቻንም ይመለከታል። እዚያ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለዚህ ሥራ መጠናቸው ይመጥናል። እንጦጦ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ቺሊና ሃዋይ ገና ቀን ነው፤ ለምድር ወገብ ስለሚቀርብም የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ይታያል። ክረምቱ ጉልላቱን ይዘጋል፣ የአዲስ አበባ መብራትም ከሥር ይጋርዳል፤ ግን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የደመቀ ድኅረ ብርሃን ለመያዝ መብራቱ ያን ያህል እንቅፋት አይሆንም። ማንቂያውን መቀበል በነፃ ነው፤ አንድ ኮምፒውተርና በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ይበቃዋል። የሚቀረው የምልከታ ሰዓት የሚደለድለው ክፍል «ማንቂያ ሲመጣ የማንም ሥራ ይቋረጣል» የሚል አንድ አንቀጽ አስቀድሞ መጻፍ ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ እየደወሉ ፈቃድ እንዳይጠየቅ።